ብረቱ ሳይግል ተናገሪ፦ ከአሠሪዎችሽ ጋር ወደ ቴፓንያኪ ምግብ ቤት ስትሄጂ



በዚህ ትምህርት የምናየው አንድ ዓይነት የጃፓን ምግብ ቤት ነው። «ምግብ ቤት ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» ትዪ ይሆናል። በምክር አገልግሎት የማገኛቸው እህቶች ስለ ሥራ ብዛት፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ስልክ ያጫውቱኛል። ደጋግመው ከሚያነሷቸው ነገሮች አንዱ ግን ቤተሰቡ ውጭ ሲበላ የሚያጋጥማቸው ነው። የት እንደሚቀመጡ አያውቁም። ይብሉ አይብሉ የሚነግራቸው የለም። የሚቀርበው ምግብ ምን እንደሆነ አይገባቸውም፤ ልጆቹን ግን ይጠብቃሉ። ቴፓንያኪ ቤት ሲሆን ደግሞ ጭንቀቱ ይጨምራል፤ ምክንያቱም እሳቱ ያለው ገበታው ላይ ነው።

እኔ በኩዌት በቤት ሠራተኝነት በቆየሁባቸው ዓመታት እንዲህ ባሉ ቤቶች ብዙ ጊዜ ከልጆች ጋር ተገኝቻለሁ። ከዚያም፣ ኋላም ከእህቶች ከሰማሁት አንድ ነገር ተምሬአለሁ፦ በዚህ ገበታ ሁሉም ነገር የሚወሰነው ምግቡ ከመታዘዙ በፊት ነው። የአገራችን ሰው «ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» ይላል። ለአንጥረኛ እውነት ነው። እዚህ ገበታ ላይ ግን መናገር የሚጠቅመው ብረቱ ሳይግል ነው።

ቴፓንያኪ ምንድን ነው?

ቃሉ ጃፓንኛ ነው። «ቴፓን» የብረት ምጣድ፣ «ያኪ» ደግሞ የተጠበሰ ማለት ነው። በእኛ አፍ «የብረት ምጣድ ጥብስ» ብንለው ያስኬዳል። ሰፊና ጠፍጣፋ ብረት በጠረጴዛው ላይ ተገጥሞ ከሥሩ በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ይግላል። እንግዶች በዙሪያው ይቀመጣሉ፤ በአንዱ ጎን ወጥ ሠሪው ቆሞ ሥጋውን፣ ዶሮውን፣ ሽሪምፑን፣ አትክልቱንና ሩዙን ዓይናቸው እያየ ይጠብሳል። አንዱ ጠረጴዛ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ሰው ያህል ይይዛል። ቤተሰቡ ትንሽ ከሆነ የማይተዋወቁ ሰዎች አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ።

ይህ አበላል በጃፓን የጥንት ባህል አይደለም። እንደ መጀመሪያው የሚቆጠረው ሚሶኖ የተባለው ቤት ሲሆን፣ የተከፈተው ጦርነቱ ባበቃበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ በኮቤ ከተማ ነው። ወጥ ሠሪው ፊት ለፊት ሲሠራ ማየትን ከጃፓኖቹ ይበልጥ የወደዱት የውጭ አገር እንግዶች ነበሩ። በአሜሪካ ስሙን ያስጠራው ሂሮአኪ አኦኪ፣ በቅጽል ስሙ ሮኪ፣ የትግል ስፖርተኛ የነበረ ጃፓናዊ ወጣት ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ በሃርለም ሰፈር በመኪና አይስክሬም እየሸጠ ገንዘብ አጠራቀመ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 አራት ጠረጴዛ ብቻ ያለውን ቤኒሃና የተባለ ምግብ ቤት ከፈተ። ስሙ ወላጆቹ በቶኪዮ ከነበራቸው ቤት የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ቀይ አበባ ማለት ነው። ያ አበባ እኛ በጾም ወራት ፍትፍት የምንሠራበት እሾሃማው ሱፍ ነው።

ቢላ መወርወሩ፣ የሽንኩርት ቀለበቶችን ደራርቦ እንደ እሳተ ገሞራ ማጨሱ፣ እንቁላል በማንሻ ማንጠሩ ሁሉ በአሜሪካ የጎላ ትርኢት ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በቤይሩት የምታዪያቸው ቤቶች አብዛኞቹ ይህንን የትርኢት ዓይነት ይከተላሉ። ልጆች የሚወዱትም ለዚህ ነው፤ የልደት በዓል የሚከበርበትም ለዚህ ነው። አንቺም የምትወሰጂው ልጆቹ ስላሉ ነው።

ማታው እንዴት ይሄዳል?

ቅደም ተከተሉን አስቀድመሽ ካወቅሽ አትደናገጪም።

1. አስተናጋጁ ያስቀምጣችኋል። ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወሰነው በዚህች ደቂቃ ነው።
2. ምግብ ይታዘዛል። ትእዛዙ በሰው ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ምግብ። አስተናጋጁ «አለርጂ ያለበት ሰው አለ?» ብሎ የሚጠይቀውም ብዙውን ጊዜ አሁን ነው።
3. ሾርባና ሰላጣ ይቀርባል። ብረቱ ገና መሞቁ ነው።
4. ወጥ ሠሪው ጋሪውን እየገፋ ይመጣል። ዘይት ያፈሳል፤ አንዳንዴ ነበልባል ያስነሳል። ትርኢቱ ይጀመራል።
5. ሩዙና አትክልቱ፣ ከዚያም ሥጋውና የባሕር ምግቡ ይጠበሳል። ወጥ ሠሪው በየሳህኑ ያካፍላል።
6. ብረቱ ይጠረጋል። ሻይ፣ ፍራፍሬ ወይም አይስክሬም ይከተላል። ልጆች የሚሰለቹትና መንቀሳቀስ የሚጀምሩት በዚህ ጊዜ ነው፤ ብረቱ ግን አሁንም ይፋጃል።

ሁሉም አንድ ላይ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

ሁለተኛውን ተራ ደግመሽ አንብቢው። ትእዛዙ በሰው ነው። በቤት ሲበላ ከድስቱ የተረፈ አይጠፋም። እዚህ ግን ወጥ ሠሪው ይዞ የሚመጣው በወረቀቱ ላይ ለተጻፉት ሰዎች የተመጠነውን ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ዓመቴ የቤቱ ትልቋ ልጅ ልደት እንዲህ ባለ ቤት ተከበረ። ስምንት ወንበር፣ ስምንት ሰው። እኔ ዘጠነኛ ነበርኩ። የሕፃኑን ጋሪ ይዤ ከወንበሮቹ ጀርባ ሁለት ሰዓት ያህል ቆምኩ። ወጥ ሠሪው ፊሊፒናዊ ነበር። ሩዙን በማንሻው ስምንት ቦታ ከፈለው፤ ቀና ሲል አየኝና እጁ ለአፍታ ቆመ። ማንም ምንም አላለም። ስምንቱን ሳህን ሞልቶ ሥራውን ቀጠለ። እሱ ላይ አልፈርድም። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስምንት ነው፤ ያልተጻፈ ሰው ድርሻ የለውም።

ከቤት ሳትወጪ የምትጠይቂያቸው ሦስት ጥያቄዎች

የምትጠይቂበትን ሰዓት ምረጪ። ሁሉም ለመውጣት ሲጣደፉ ወይም መኪና ውስጥ ባል ባለበት አትጀምሪ። ጠዋት ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ከእመቤትሽ ጋር ለብቻችሁ ስትሆኑ ይሻላል።

*አንደኛ፦ «የት ልቀመጥ?»* ጥያቄውን ከልጆቹ ጋር አያይዢው። እውነትም የልጆቹ ጉዳይ ነው። ከኋላ የቆመ ሰው ወደ ብረቱ የተዘረጋ እጅ አይደርስበትም፤ በልጆቹ መካከል የተቀመጠ ግን ይደርስበታል። እኔ ከልደቱ በኋላ ቤተሰቡ ድጋሚ ሊሄድ ሲል ጠዋት ሻይ እያቀረብኩ፣ «ማማ፣ ያ ብረት በጣም ይፋጃል፤ በሁለቱ መካከል ብቀመጥ እጃቸውን መያዝ እችላለሁ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና ለምግብ ቤቱ ስትደውል አንድ ወንበር ጨመረች። ባባ ደስ አላለውም፤ ፊቱ ያስታውቅ ነበር። ቢሆንም ወንበሩ ተቆጠረ፤ ወንበሩ ስለተቆጠረም ምግቡ ታዘዘ።

*ሁለተኛ፦ «የትኛውን ልጅ እኔ፣ የትኛውን እናንተ ትይዛላችሁ?»* ሦስት ልጆችን በጋለ ብረት ዙሪያ አንድ ሰው ብቻውን መጠበቅ አይችልም። ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ፣ ሁሉም «እሷ ታያለች» ብለው ወደ ትርኢቱ ይዞራሉ።

*ሦስተኛ፦ «ለእኔ ምን ይታዘዛል?»* ይህን መጠየቅ ያሳፍራል። ልመና ስለሚመስለን ነው። በሌላ መንገድ ልትጠይቂው ትችያለሽ፦ «ከመሄዳችን በፊት እራት ልብላ ወይስ እዚያ እበላለሁ?» መልሱ «እዚያ» ከሆነ ተቆጥረሻል። «እዚህ ብዪ» ከሆነም ደግ ነው፤ ተርበሽ አትወጪም። የሚጎዳው ሳይጠየቅ የቀረው ነው።

አንዲት እህት ጠይቃ «አንቺ አትበዪም፣ አትቀመጪም» ተብላ ነበር። አልተከራከረችም። ከመውጣቷ በፊት ዳቦና እንቁላል በላች፤ በቦርሳዋ ጥቂት ተምርና ውኃ ያዘች። ልጆቹንም ደኅና አድርጋ ጠበቀች። ወደ እኛ ስትመጣ ቀኑንና የተባለችውን በማስታወሻ ጽፋ ነበር። ይህም መናገር ነው።

ስለ ምግቡ፦ ጾም፣ ሥርዓትና አለርጂ

*የምትጾሚ ከሆነ።* በዐረብኛ «አና ሳይማ» ማለት «ጾመኛ ነኝ» ማለት ነው። ሙስሊም ቤተሰብ ይህን ሲሰማ እስከ ፀሐይ መግቢያ ምንም እንደማትቀምሺ ይረዳል፤ ወይም ማታ ላይ «አሁንማ ፈታሽ» ብሎ ሥጋውን ያቀርብልሻል። ስለዚህ የማትበዪውን በስም ንገሪ፦ «ማ ኣኩል ለሕም፣ ወላ ቤይድ፣ ወላ ሐሊብ»፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት አልበላም። በሊባኖስ ክርስቲያን ቤተሰብ ዘንድ ከሆንሽ «ሲያሚ» የሚለው ቃል የጾም ምግብን እንደሚያመለክት ያውቃሉ።

የጾም የሚመስሉ ግን ያልሆኑ ነገሮች እዚህ አሉ። የተጠበሰው ሩዝ እንቁላል አለበት፤ ብዙ ጊዜም ቅቤ ይጨመርበታል። አትክልቱም በቅቤ ሊጠበስ ይችላል። ሚሶ የተባለው ሾርባ ከተብላላ አኩሪ አተር ይሠራል፤ ውኃው ግን በተለምዶ የደረቀ ዓሣ የተቀቀለበት ነው። ነጣ ያለው ማጥቀሻ ከማዮኔዝ ስለሚሠራ እንቁላል አለው። ቶፉ አይብ ቢመስልም ከአኩሪ አተር ነው፤ ልትበዪው ትችያለሽ። ቀላሉ መንገድ «ሩዝ አብየድ» ማለትም ነጭ ሩዝና «ኹድራ፣ ቢዱን ዚብዳ» ማለትም አትክልት ያለ ቅቤ ማዘዝ ነው። ምጣዱ አንድ በመሆኑ አትክልቱ ሥጋው ከመጣዱ በፊት፣ በንጹሕ ብረት ላይ እንዲጠበስልሽ መጠየቅ ይቻላል። ይህንንም ብረቱ ሳይግል ነው የምትጠይቂው።

*ሙስሊም እህቶቼ።* በኩዌትና በሳውዲ ምግብ ቤቶች የአሳማ ሥጋም ሆነ መጠጥ አይቀርብም። በሊባኖስና በዱባይ ሆቴሎች ግን ሊኖር ይችላል። ሳኬ የተባለው የጃፓን መጠጥ ከሩዝ የሚጠመቅ ነው፤ ሚሪን የሚባል ጣፋጭ ዘመዱም በማጣፈጫ ውስጥ ይገባል። ነበልባሉን ለማስነሳት መጠጥ የሚያፈሱ ወጥ ሠሪዎችም አሉ። መጠየቅሽ ማንንም አይነካም።

*አለርጂ።* ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሽሪምፕ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተርና ስንዴ በዚህ ገበታ ሁሉም አሉ፤ የአኩሪ አተሩ ጥቁር ማጥቀሻ ራሱ ብዙ ጊዜ ስንዴ አለበት። ሁሉም በአንድ ብረትና በአንድ ማንሻ ስለሚሠራ፣ ሽሪምፕ ያላዘዘ ልጅም ሽሪምፕ ሊነካው ይችላል። አለርጂ በዐረብኛ «ሐሳሲያ» ነው። ሽሪምፕ በባሕረ ሰላጤው «ሩብያን»፣ በሊባኖስ «አሬይዲስ» ይባላል። ለምሳሌ ስለ ሴት ልጅ፦ «ዒንደሃ ሐሳሲያ ሚን ሩብያን»። እናትየው ብታውቅም እንኳ ለአስተናጋጁ መነገሩን አንቺ አረጋግጪ። መድኃኒቷም በቦርሳው መኖሩን እይ። አንቺ ራስሽ ሽሪምፕ በልተሽ የማታውቂ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ትንሽ ቅመሺ። ከንፈርሽ ካበጠ፣ ጉሮሮሽ ካሳከከሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ወዲያው ተናገሪ፤ ለሐፍረት ጊዜ የለም።

*ዋሳቢ።* በሳህኑ ጥግ የምትቀመጥ አረንጓዴ ልሙጥ ነገር ነች። አቮካዶ ትመስላለች። እንደ ስናፍጭ ወደ አፍንጫ ትወጣለች። በምስር ልክ ብቻ ቅመሺ፤ ከልጆችም አርቂያት።

*ቾፕስቲክ።* ሁለቱን እንጨቶች የማትችዪ ከሆነ ሹካ ጠይቂ። ዐረብኛውም «ሸውካ» ስለሆነ ትግባቢያለሽ። እንጨቶቹን ሩዙ ላይ ቀጥ አድርገሽ አትትከዪ፤ ይህ በጃፓን ለሙታን የሚደረግ ነው።

ልጆችና የጋለ ብረት

ምጣዱ ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል። በእንግዳውና በብረቱ መካከል ሳህን የሚቀመጥበት ጠርዝ አለ፤ ጠርዙ ግን ለልጅ ክንድ አጭር ነው። እንጀራ ጋግረሽ ከጨረስሽ በኋላ ምጣዱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፋጅ ታውቂያለሽ። ይህ ወፍራም ብረትም እንዲሁ ነው። እሳቱ ስለጠፋ ብረቱ በረደ ማለት አይደለም።

- ጡት የሚጠባ ወይም ጭን ላይ የሚቀመጥ ሕፃን እዚህ ገበታ ላይ አይያዝ። ጋሪው ዘይት ከሚረጭበትና ወጥ ሠሪው ከሚያልፍበት መንገድ ራቅ ብሎ ይቁም።
- ትንንሾቹ ልጆች ነበልባሉ ከሚነሳበት ቦታና ከወጥ ሠሪው ጎን ይራቁ። ወንበር ላይ እንዳይቆሙና እንዳይንበረከኩ አድርጊ።
- የተንጠለጠለ እጅጌ፣ ሻርፕና ሪባን ሰብስቢ። ያንቺንም ነጠላ ወይም ሻሽ እንዲሁ።
- ወጥ ሠሪው ምግብ ወደ አፍ የሚወረውርበት ጨዋታ አለ። ትንሽ ልጅ እየሳቀ የተወረወረ ነገር ሲቀበል ሊያንቀው ይችላል። «ለትንሹ አይወርወር» ብለሽ ንገሪው፤ ወጥ ሠሪዎቹ ይረዳሉ።
- መጸዳጃ ቤት መሄድ ካለብሽ፣ ለአንድ ትልቅ ሰው በስም ጠርተሽ አደራ ሳትሰጪ አትነሺ።

*ቃጠሎ ቢደርስ።* ወዲያውኑ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስበት። ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው፤ ልጁ ያለቅሳል፣ ሰው ይጣደፋል፤ አንቺ ግን አታቋርጪ። ቀለበት፣ አምባርና በአካባቢው ያለ ልብስ ይውለቅ፤ ከቆዳው ጋር የተጣበቀውን ግን አትንኪ። በረዶ አታድርጊ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ቡና፣ እንቁላል በአገር ቤት የለመድናቸው ናቸው፤ ቁስሉን ስለሚያባብሱ አንዳቸውንም አትቀቢ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርገሽ ሸፍኚ። ፊት፣ እጅ ወይም መገጣጠሚያ ከሆነ፣ ወይም ውኃ ከቋጠረ፣ ሐኪም ይየው። የአምቡላንስ ጥሪ በኩዌት 112፣ በኤምሬትስ 998፣ በሳውዲ 997፣ በኳታር 999፣ በሊባኖስ ቀይ መስቀል 140 ነው።

አንቺም ብትቃጠዪ ሕክምናው ያው ነው። «ልጁ ደኅና ነው» ብለሽ የራስሽን እጅ አትደብቂ።

ያንቺ ሳህን

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይተን እንያቸው።

አንደኛው ምግብ ነው። ምግብ ውለታ አይደለም። የኩዌት ሕግ ቁጥር 68 እ.ኤ.አ. 2015፣ የኳታር ሕግ ቁጥር 15 እ.ኤ.አ. 2017 እና የኤምሬትስ አዋጅ ቁጥር 9 እ.ኤ.አ. 2022 አሠሪው የቤት ሠራተኛውን እንዲመግብ ያዛሉ። ሦስቱም የሳምንት የዕረፍት ቀን ይሰጣሉ። በሊባኖስ እ.ኤ.አ. የ1946ቱ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አያካትትም፤ እዚያ የምትይዢው የፈረምሽውን ውል ነውና ቅጂው በእጅሽ ይኑር።

ሁለተኛው ወንበሩና ያ ውድ ሥጋ ነው። ቤተሰቡ የሚበላውን ያንኑ ሥጋ እንድትበዪ የሚያስገድድ ሕግ የለም። ያ የአሠሪሽ ጨዋነት ነው። ሲሰጥሽ አመስግነሽ ተቀበዪ፤ ሲቀር ያማል፤ እኔም አሞኛል። መራብሽ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቤተሰቡ ሲበላ ሁልጊዜ ተርበሽ የምትውዪ ወይም የምታመሺ ከሆነ ቀኑን እየጻፍሽ ያዢ፤ ወደ እኛ፣ ወደ ኤምባሲው ወይም ወደ አገሩ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የሚቀርብ አቤቱታ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ አሠሪ «ምግብ ቤት ወስጄሽ ተዝናናሽ፤ ስለዚህ አርብ አትወጪም» ይላል። ልጅ እየጠበቅሽ ያመሸሽበት ሰዓት የሥራ ሰዓት ነው። ወንበር ላይ ብትቀመጪም፣ ሥጋው ቢጣፍጥም፣ ሥራ ላይ ነበርሽ። የዕረፍት ቀንሽን አይተካም።

ትርኢቱና አንቺ

ሞቅ ሲል ሰው ይስቃል። «ለሠራተኛዋም ወርውርላት!» የሚል አይጠፋም። ከፈለግሽ አፍሽን ከፍተሽ ተቀበዪ፤ ሳቁ የሁሉም ከሆነ ደስ ይላል። ካልፈለግሽ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ ፈገግ በዪና ራስሽን ነቅንቂ። ይህ ምልክት በዐረቡም በእኛም ዘንድ «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» ማለት ነው። ፊትሽ ላይ ምግብ ሲወድቅ በስልክ ሊቀርጹሽ ቢያነጣጥሩ ዞር ብለሽ የልጁን አፍ ጥረጊ። ሥራ ላይ ያለን ሰው ማቋረጥ ይከብዳቸዋል።

ወጥ ሠሪውን ደግሞ እዪው። በነዚህ አገሮች ብዙ ጊዜ ከፊሊፒንስ፣ ከኔፓል ወይም ከኢንዶኔዥያ የመጣ ነው። እሱም ወደ ቤቱ ገንዘብ ይልካል። ሰላምታ ስጪው። የማትበዪውን ስትነግሪው ከማንም በላይ በጥሞና የሚሰማሽ እሱ ሊሆን ይችላል።

ለልምምድና ለውይይት

ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተለማመዱ። አንዷ እመቤት፣ አንዷ ሠራተኛ ሁኑ፤ ከዚያ ተቀያየሩ።

1. ነገ ማታ ቤተሰቡ ቴፓንያኪ ቤት ይሄዳል። ሦስቱን ጥያቄዎች በምትሠሩበት አገር ዐረብኛ ጠይቁ። እመቤቲቱ «በኋላ እናያለን» ብትል ምን ትመልሻለሽ?
2. የዐቢይ ጾም ነው። «ሳይማ» የሚለውን ቃል ሳትጠቀሚ የማትበዪውን አስረጂ።
3. አራት ልጆች፣ አንድ ሠራተኛ፣ የጋለ ብረት። ማን የት ይቀመጥ? በወረቀት ሥላችሁ አሳዩ።
4. የሕፃን ጣት ተቃጠለ። አያቲቱ የጥርስ ሳሙና ይዘው መጡ። እሳቸውን ሳታዋርጂ እንዴት ታስቆሚያቸዋለሽ?
5. «አንቺ አትበዪም» ብትባዪ፣ በዚያች ማታ ምን ታደርጊያለሽ? በማግሥቱስ?

ማንበብ የማትችል ወይም ስልክ የተከለከለች እህት በአጠገብሽ ካለች፣ ልብስ ስታሰጡ በሰገነትም ቢሆን ይህን ትምህርት በቃል ንገሪያት። ቢያንስ ሁለት ነገር ትያዝ፦ ትእዛዙ በሰው ነው፤ ለቃጠሎ ሃያ ደቂቃ ውኃ።